የሁለት ቀኑን ባንዴ

አሻግሬ ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ቂጥ ሲወጋ ኖሮ በሰባ ዓመቱ እባብ እንዲወጋ ተለመነ። ሌላ ሰው ቢለምነው ወይ ይስቃል ወይ ይቆጣል። የለመነችው ግን ጋዲሴ ናት፤ ጋዲሴን እንቢ የሚልበት አንደበት ደግሞ አልነበረውም።

አቃቂ በሰቃ ውስጥ አሻግሬን የማያውቅ አሮጌ ሰው የለም። አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ እሱ ግን ሐዲዱን ትቶ ነጭ ጋዋን ለበሰ። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር ሆኖ ቁስል አጠበ፣ ፋሻ ጠቀለለ፣ ከሁሉ በላይ ግን መርፌ ወጋ። የፋብሪካ ሠራተኛ ክኒን አይወድም፤ ክኒን ብቻ ሰጥተው ሲሸኙት የተናቀ ይመስለዋል። መርፌ ካልተወጋ ታከምኩ አይልም። የአሻግሬ እጅ ደግሞ አይሰማም ይባልለት ነበር። ፈታዩም፣ ሸማኔውም፣ ዘበኛውም ሱሪውን ዝቅ አድርጎ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ ጥርሱን ነክሶ ይጠብቃል፤ "መቼ ነው የምትወጋኝ?" ሲል ጥጡ ተጭኖለታል።

አንድ ልማድ ነበረው፤ ሠራተኛው ሁሉ የሚወድለት ልማድ። ፋብሪካው በፈረቃ ነው የሚሠራው። ታማሚው ነገ የሌሊት ገቢ ከሆነ፣ ወይም አለቃው አላስወጣ የሚለው ክፉ ሰው ከሆነ፣ አሻግሬ "ግድ የለም፣ የነገውንም አሁን እሰጥሃለሁ" ይልና የሁለት ቀኑን በአንድ ሲሪንጅ ስቦ ባንዴ ይወጋዋል። ካርዱ ላይ ሁለቱንም ቀን ምልክት ያደርጋል። ሰውየው መርቆት ይሄዳል። ተመልሶ ካልመጣ ድኗል ማለት ነው፤ አሻግሬ እንዲህ ነበር የሚቆጥረው። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ተሳስተሃል ያለው አንድም ሰው የለም።

ጡረታ ወጣ፤ ክሊኒኩም ተዘጋ። ጥቂት ዓመት ሰው ከፋርማሲ የገዛውን ብልቃጥ ይዞ ቤቱ ይመጣለት ነበር። ኋላ የወረዳ ሰዎች መጥተው ቤት ውስጥ መርፌ መውጋት ክልክል ነው አሉት፤ ልክ ነበሩ፤ እሱ ግን ቂም ያዘባቸው። ሚስቱም በዚያው ሰሞን ሞተችበት። ሲሪንጅ ይቀቅልበት የነበረው የብረት ሣጥን አልጋ ሥር ገባ። መንገድ ላይ "ዶክተር" ብሎ የሚጠራው ሰው እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደና በመጨረሻ አንድ ሰው ብቻ ቀረ። እሷም ጋዲሴ ናት።

የጋዲሴ ባል ኩምሳ ዛሬ የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም በቆመበት መሬት ላይ ጤፍና ሽምብራ የሚያመርት ገበሬ ነበር። መሬቱ ሲሄድ አቃቂ ገባ፤ ፋብሪካው በር ላይም በዘበኝነት ተቀጠረ። ከእርሻው ይዞ የመጣው ሁለት ነገር ነው፤ ሚስቱንና አንድ እባብ።

እባቡ ቡናማ ነው፤ ርዝመቱ ሁለት ክንድ ቢሆን ነው፤ መርዝ የለውም። ጎተራ ሥር አይጥ እየለቀመ ይኖር ስለነበር ኩምሳ "ዘበኛ" ብሎ ስም አውጥቶለታል። ግሬደሩ ቤቱን ሊያፈርስ ሲመጣ ጆንያ ውስጥ ከቶ አወጣው። "እህሌን ሲጠብቅልኝ የኖረውን ለማሽን ትቼ አልሄድም" አለ። በኋላ እሱም ዘበኛ ሲሆን ያ ቤት ሁለት ዘበኛ አለው እየተባለ ተቀለደ። ጎረቤቱ ግን ቀልዱን በሩቁ ቀልዶ ቤቱን አይረግጥም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና የጋዲሴን የልብስ ማስጫ ገመድ ሲያይ እንኳ የሚደነግጥ ነበር። እባብ የሚያኖር ሰው ደህና ሰው አይደለም እያለ የሚያማም አልታጣም።

ኩምሳ ከሞተ አሥር ዓመት አልፎታል። ኩላሊቱ ነው አሉ። ፊቱ አበጠ፣ እግሩ አበጠ፣ በሦስተኛው ወር ሽንቱ ቆመና ሞተ። ልጅ አልቆመላቸውም ነበር። ጋዲሴ የባሏን የዘበኝነት ካፖርት መስተዋት በተገጠመለት ሣጥን ውስጥ አነጠፈችና እባቡን እዚያ ላይ አኖረችው። ከሌላው ሰው ይልቅ እሱን ስታናግር ነው የምትውለው።

አሻግሬ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይጎበኛታል። "ዶክተር፣ ይግቡ እንጂ" ትለዋለች በሩ ላይ ቆማ። ያንን አንድ ቃል ለመስማት ነው የሚሄደው ቢባል ሐሰት የለበትም። ይወዳት ነበር፤ በሰባ ዓመት ግን ይህን ለማን ይናገሩታል? ሆድ ይፍጀው ብሎ የቀረበለትን ቆሎ እየቆረጠመ ይቀመጣል።

ነሐሴ ገብቶ ብርዱ ሲጠና ዘበኛ ታመመ። አፉን ከፍቶ አንገቱን ሽቅብ ያንጋጥጣል፤ ሲተነፍስ ሲር ሲር ይላል፤ ባፍንጫው አረፋ ይወጣዋል። ምግብ ከተወ ወር ሞልቶታል።

"ዶክተር፣ ኩምሳ አደራ ያለኝ እሱን ብቻ ነው" አለችው ጋዲሴ። "መሬቱ የለም፤ ቤቱ የለም፤ ኩምሳም የለም። እሱም ከሄደ እዚያ መኖሬን የሚያውቅ ማን ይቀረኛል? እባክዎን ይውጉልኝ።"

አሻግሬ በማግስቱ እባቡን ክዳን ባለው የወተት ዱቄት ጣሳ ይዞ የእንስሳት ክሊኒክ ሄደ። ሐኪሟ ሶሊያና ትባላለች፤ ገና ወጣት ናት። ክሊኒኩ ያለው የበሬ ሚዛን ስለሆነ መንገዱን ተሻግረው ሙህዲን ሱቅ ገቡ። ሙህዲን በርበሬ የሚመዝንበትን ሚዛን ሰጣቸው፤ ጣሳው ውስጥ ምን እንዳለ አልነገሩትም እንጂ ቢነግሩት ሱቁን ጥሎላቸው በሮጠ። ባዶው ጣሳ ሲቀነስ አራት መቶ ግራም ሆነ።

"አባባ፣ ለዚህ በሽታ የሚሻለው መድኃኒት ሌላ ነበር፤ ጠፍቷል። እጄ ላይ ያለው ጄንታ ብቻ ነው" አለችው ሶሊያና።

"ጄንታማ! ስንቱን ወግቼበታለሁ፣ ልጄ።"

"እባብ ግን እንደ ሰው አይደለም። ሰውነቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ መድኃኒቱ ቶሎ አይወጣለትም፤ ቀናት ይቆያል። ስለዚህ በአራት ቀን አንዴ ብቻ ነው። ዛሬ ሰኞ ከወጉት ቀጥሎ አርብ ነው፤ ከዚያ ማክሰኞ። በመሀል የቱንም ያህል ቢያሳዝንዎት እንዳይደግሙት። ደግሞ የሚወጉት በላይኛው በኩል፣ ከጀርባ አጥንቱ አጠገብ ነው። በጅራቱ በኩል ከሆነ መድኃኒቱ መጀመሪያ ኩላሊቱን ነው የሚያገኘው።"

"ገባኝ።"

"አልጨረስኩም፣ አባባ። ከመውጋትዎ በፊት ሁልጊዜ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያቆዩት፤ እዚያው ይጠጣል። ውኃ የተጠማ ኩላሊት ይህን መድኃኒት አይችለውም። ሣጥኑም ይሙቅ።"

መድኃኒቱን ራሷ አቅጥና በትንሽ ብልቃጥ ሰጠችው። በስኳር ሕመምተኞች ቀጭን ሲሪንጅ ላይም በብዕር መስመር አሰመረችለት። "እዚህ ድረስ። ከዚህ እንዳያልፍ" አለችው። ሁሉንም በወረቀት ጻፈችለት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አሻግሬ ወረቀቱን አጥፎ የደረት ኪሱ ከተተና ከዚያ ወዲያ አላወጣውም። ሠላሳ አራት ዓመት የወጋ ሰው ከልጅ ወረቀት ላይ ምን ያነብባል?

የመጀመሪያው መርፌ ግን እንደ ታዘዘው ሆነ። ጋዲሴ ውኃውን በክርኗ እየለካች ለብ አደረገችው፤ እባቡ ገብቶ ጠጣ። ከዚያ በፎጣ ይዛ አንገቱን በሁለት ጣቷ ደገፈችለት። አሻግሬ መነጽሩን አጠለቀ። ቅርፊቱን በጥፍሩ ገለጥ አድርጎ መርፌውን አስገባ፤ መስመሩ ድረስ ያለውን ሰጠ፤ አወጣ። እባቡ ትንሽ እንደ መኮማተር አለና ዝም አለ።

"ከወጋኋቸው ሁሉ ይሄ ጨዋው ነው" አለ አሻግሬ። ጋዲሴ ሳቀች። ስትስቅ ካያት ስንት ዓመቱ ነው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሦስት ቀናት፣ እውነቱ ይነገር፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ካሳለፋቸው ሁሉ የተሻሉ ነበሩ። ጠዋት ይመጣል፤ ሣጥኑን ያያል። ጋዲሴ ውኃ አፍልታ በሃይላንድ ጠርሙስ ትሞላና ካፖርቱ ሥር ትወሽቀዋለች፤ ሲቀዘቅዝ ትቀይረዋለች። ምሳ አብረው ይበላሉ። ሐሙስ ዕለት ሲር ሲሩ ቀነሰ።

"በአራት ቀን አንዴ ብሎ ሕክምና ምንድነው፣ ዶክተር? ሰው እንኳ በየቀኑ ይወጋል" አለች ጋዲሴ። "ያቺ ልጅ ልምድ የላት ይሆን?"

"የተማረች ናት፤ የምትለውን ታውቃለች" አለ አሻግሬ። በሆዱ ግን ጋዲሴ እውነቷን ነው አለ።

አርብ ማለዳ ስልክ ተደወለ። ሞጆ የምትኖር ታላቅ እህቱ አርፋለች። የእድሩ ሰዎች ሚኒባስ ይዘው አስፋልቱ ዳር እየጠበቁት ነው። ለቅሶ ነውና ሣልስቷን ሳያወጣ፣ ከዚያም የሚመጣውን ሰው ሳይቀበል አይመለስም፤ ከረቡዕ በፊት አቃቂን አያያትም። ነጠላውን እንዳዘቀዘቀ እየሮጠ ጋዲሴ ቤት ገባ።

"ነፍስ ይማር፣ ዶክተር። ይሂዱ፣ ግድ የለም" አለችው ነግሯት ሲጨርስ። ዓይኗ ግን ሣጥኑ ላይ ነበር። "የማክሰኞው መርፌስ? ማን ይወጋልኛል?"

"ያዢልኝ" አለ አሻግሬ። "ቶሎ።"

"ውኃውን ላሙቅለት?"

"ጊዜ የለም። ሹፌሩ ክላክስ እያደረገ ነው፤ አትሰሚም?"

ሲሪንጁን ብልቃጡ ውስጥ ሰክቶ ሳበ። መድኃኒቱ የሶሊያና መስመር ላይ ደረሰ። እጁ አልቆመም። ለሠላሳ አራት ዓመት ያለ ጌታው ፈቃድ ሲሠራ የኖረ እጅ ነው፤ የመስመሩን እጥፍ ስቦ ሞላ።

"ግድ የለም፣ የማክሰኞውንም አሁን ሰጠሁት" አላት መርፌውን እየነቀለ።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለች ጋዲሴ፤ ፊቷ በራ። አሻግሬ ወደ ሚኒባሱ ሮጠ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

እሑድ ዕለት ሞጆ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ደወለችለት። አረፋው ጠፍቷል፣ አንገቱን አቅንቶ ሣጥኑን እየዞረ ነው አለችው። አሻግሬ በእህቱ ለቅሶ መሀል ደስ አለው፤ ደስ ስላለውም አፈረ። ሰኞ አልደወለችም። ማክሰኞ እሱ ቢደውል አታነሳም።

ረቡዕ ሲመለስ በሩ ገርበብ ብሎ ጠበቀው። ጋዲሴ ከሣጥኑ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣለች። "ይግቡ" አላለችውም።

"ገደልኩት፣ ዶክተር" አለች።

ሰኞ እባቡ መተኛት አበዛ። ወገቡ አካባቢ አበጠ፤ ቆዳው ሲነኩት ተጨማድዶ ይቀራል። ሌሊቱን ሃይላንዱን ልትቀይር አስባ ድካም ጣላት፤ ስትነቃ ነግቷል፤ ጠርሙሱ በረዶ ሆኗል፤ እባቡም ካፖርቱ ላይ ተዘርግቶ ሞቷል። "አዬ ዋቃዮ! አንድ ሌሊት መንቃት አቅቶኝ" እያለች ደረቷን መታች። ኩምሳ ሲሞት እንኳ እንዲህ ስትሆን አላያትም።

"እስቲ ተይ፣ አንቺ ምን አደረግሽ" አላት። እሱም ብርዱ ነው ብሎ አምኖ ነበር፤ ማመን ቀሎት ነበር።

"አይ። ለዚያች ልጅ ይውሰዱልኝና ከፍታ ትየው። ብርድ ከሆነ የገደለው ልወቀው። ሞቼ ኩምሳን ሳገኘው ምን እንደምለው ልወቅ።"

አሻግሬ ያንኑ ጣሳ ይዞ ሄደ። ሶሊያና እባቡን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ በምላጭ ከፈተችው። ሳንባውን አየች። "ይሄ እየዳነ ነበር" አለች። ምላጩን ወደ ታች አወረደች፤ ከዚያ እጇ ቆመ። ኩላሊቱ አብጦ ኖራ የተረጨበት ይመስል ነጭ ነጭ ብሏል።

"አባባ፣ አርብ ስንት ሰጡት?"

"የሁለቱን ባንዴ" አለ አሻግሬ። "ለቅሶ ነበረብኝ።"

"ውኃስ?"

"አላገኘም።"

ሶሊያና አልተቆጣችም። ብትቆጣው ይሻለው ነበር። ምላጩን አስቀምጣ እጇን መታጠብ ጀመረች። አሻግሬ ነጫጭ ነጠብጣቦቹን እያየ ቆመ።

"ልጄ" አለ። "ሰው ላይስ? ሰው ላይም እንዲህ ያደርጋል?"

"እኔ የሰው ሐኪም አይደለሁም፣ አባባ። ግን ያው መድኃኒት ነው። ሁሉም ላይ አይደርስም፤ ብዙው ይችለዋል። ትኩሳት ያለበት፣ ውኃ ያልጠጣ ሰው ላይ ከበዛ ግን ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ለምን ጠየቁኝ?"

"እንዲያው ነው።"

እንዲያው አልነበረም። አሻግሬ ሥራ ሊያቆም ወራት ሲቀሩት፣ በሁዳዴ ጾም፣ ኩምሳ ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ መጥቶ ነበር። የአምስት ቀን ጄንታ ታዞለታል። ኩምሳ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውኃ እንኳ በአፉ አያዞርም። "ዶክተር፣ ነገ ተረኛ ነኝ፤ በሩን ጥዬ አልመጣም። የነገውንም ዛሬ ይስጡኝ" አለ። አሻግሬ ሰጠው። በሦስተኛው ቀንም መጥቶ እንዲሁ አለ፤ ሰጠው። በሦስት ጊዜ የአምስቱን ቀን ጨረሱ። ካርዱ ላይ አምስት ምልክት አለ። ኩምሳ ተመልሶ ስላልመጣ ድኗል ብሎ ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት ላይ ቀብሩ ሄዶ አፈር አልብሷል።

ይሁን አይሁን ማን ያውቃል። ኩምሳ ሌላ በሽታ ነበረበት ይሆናል። አሻግሬ ከክሊኒኩ እስከ በሰቃ በእግሩ ሲሄድ ይህን ለራሱ ስንት ጊዜ እንደ ነገረው አይታወቅም። ባጃጆቹ ክላክስ እያደረጉበት ያልፋሉ። እሱ ግን ያልተመለሱትን ያስብ ነበር። ግድግዳ ተደግፈው የቆሙትን፣ መርቀውት የሄዱትን፣ ከዚያ ወዲያ ያላያቸውን ሁሉ።

ጋዲሴ በር ላይ ደርሶ ጣሳውን እንደያዘ ቆመ። ብርድ ነው ቢላት ያበቃል። እሷ የአንድ ሌሊት እንቅልፏን እስክትሞት ትሸከማለች፤ እሱ ግን በየእሑዱ "ዶክተር፣ ይግቡ እንጂ" ይባላል። ይህን አሰበ፤ አላሰበም አንልም። ሰው ነው። ገብቶ ዱካው ላይ ጎብጣ ሲያያት ግን አልቻለም።

"ብርዱ አይደለም" አለ። "አንቺ አይደለሽም፣ ጋዲሴ። እኔ ነኝ። አርብ የሁለት ቀኑን ባንዴ ሰጠሁት። ውኃም ከለከልኩት። ኩላሊቱን መድኃኒቱ ነው የፈጀው።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጋዲሴ ቀና ብላ አየችው። መጀመሪያ ፊቷ ላይ የመጣው ቁጣ አልነበረም፤ እፎይታ ነው። ዓይኗ እንባ ሞላ።

"እኔ አይደለሁም?"

"አይደለሽም።"

"እርስዎማ ለበጎ ብለው ነው" አለች በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች። ደግ ሴት ናት፤ ልታጽናናው ፈለገች። "ለቅሶ እየጠበቀዎት ለእኔ አዝነው ነው። መቼ የእርስዎን ደግነት አጣሁት። ኩምሳም ያኔ ሲታመም ደስ ብሎት ነው ቤት የገባው፤ 'ዶክተር አዘነልኝ፣ የሁለት ቀኑን ባንዴ' ብሎ..."

አልጨረሰችውም።

ምድጃው ላይ ውኃ ተጥዶ ነበር። እባቡ ከሞተ ወዲህም በዚያች ሰዓት ለሃይላንዱ ውኃ መጣድ አልተወችም።

"የኩምሳ መርፌ ስሙ ማን ነበር?" አለች ቆይታ።

"ጄንታ።"

"የዘበኛስ?"

"እሱም ጄንታ።"

"ለኩምሳ ስንት ቀን ነበር የታዘዘለት?"

"አምስት።"

"በስንት ጊዜ ወጉት?"

አሻግሬ ካርዱን አሁንም በዓይነ ሕሊናው ያየዋል፤ አምስቱንም ምልክት፣ የራሱን የእጅ ጽሑፍ። ጣሳውን በሁለት እጁ ያዘ።

"በሦስት" አለ።

ጋዲሴ ተነስታ ከሣጥኑ ውስጥ ካፖርቱን አወጣች። የእባቡን ቅርፊት ከላዩ ላይ አራገፈች፤ አዝራሮቹን አንድ በአንድ ቆለፈች፤ አጥፋ ጭኗ ላይ አድርጋ እንደገና ተቀመጠች። እሱን አላየችውም። ውኃው ፈልቶ ክዳኑን ማንኳኳት ጀመረ።

"ሲወጡ እሳቱን ያጥፉልኝ፣ ዶክተር" አለች።

አሻግሬ ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ እሳቱን አጠፋ፤ ወጣ።